ለልዕልት የተቀመጥንላት ሽምግልና

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
ሰኔ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ለአልጣሽ፣ መሐል ሜዳ፤

እታለም፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ፣ ልጅሽ ዘሪቱ፣ ላሞቹ፣ በጎቹ፣ ያ ነካሽ ውሻሽም ሳይቀር ደኅና ናቸው ወይ? እኔ በሃምሳ ሰባት ዓመቴ ገና ሰው መሆኔ ነው። እስቲ ጽሕፈቱን እይው! ይህን የጻፈው እድሪስ አይደለም። እኔ ወንድሙ ነኝ፣ በገዛ እጄ፣ በገዛ እስክሪብቶዬ። እስከ ዛሬ እኔ እየነገርኩት እድሪስ ሲጽፍልሽ ቁም ነገሩን ብቻ እየወሰደ ቀልዴን ይዘልብኝ ነበር። ከእንግዲህ የሚዘል የለም፤ ቻይው።

ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ኢስት ኮልፋክስ ላይ ባለ የጴንጤዎች ቸርች ውስጥ ፊደል እማራለሁ። የተዋሕዶ ልጅ እዚያ ምን ልታደርግ ገባህ እንዳትዪኝ፣ ሀ ሁ የሁላችንም ናት። አስተማሪያችን ትንሳኤ የምትባል ወጣት ናት። ከዘጠኝ ሽማግሌዎች አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ስምንቱ ይህን አያምኑም፤ ውጤቱን ማንበብ ስላልቻሉ ነው። ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ ያስጽፍሃል ካልሽኝ፣ ያንቺ ስልክ ኮረብታ ላይ ካልወጣሽ አይሰማም፤ ደግሞም ትንሳኤ ለምትወዱት ሰው ጻፉ ብላ የቤት ሥራ ሰጥታናለች። መንገደኛ ሲገኝ ይደርስሻል።

አሁን ወደ ትልቁ ወሬ። ከብት አርቢ ሆኛለሁ። እድሪስን በጽሕፈቱ ታውቂዋለሽ፣ ኤርትራዊ ነው። ልጅ ሳለ አስመራ በአማርኛ የተማረ፣ ዴንቨር ላይ ዕድሜውን ሙሉ ታክሲ የነዳ፣ አሁን ጡረታ የወጣ። ከቶርንተን ወጣ ብሎ ትንሽ መሬት አለው፤ እዚያ እሱና ባለቤቱ ሓየት፣ ነፍሷን ይማርና፣ አልፓካ የሚባል እንስሳ ለደስታቸው ያረቡ ነበር። አይታለብ፣ እነሱ ቤት አይታረድ፤ በዓመት አንዴ ጠጉሩ ይሸለታል፣ ከዚያ ውጪ ሥራው ቆሞ ሰው መገላመጥ ነው። አንገቱ የግመል፣ ጠጉሩ የበግ፣ ትዕቢቱ የወረዳ ጸሐፊ። ከምሠራበት ሆቴል ላውንድሪ ኦፍ በምሆንበት ቅዳሜና እሑድ እኔ አስተዳድራቸዋለሁ። እድሪስ «ፋንድያ ትዝቃለህ» ነው የሚለው። እኔ ግን አስተዳደር እለዋለሁ።

ካሉት አምስት መካከል ዕድሜዋ ለመውለድ የደረሰው የልዕልት ብቻ ነው። ስሙን ያወጣችላት ሓየት ነበረች፤ ግልገሏን ለማየት እንደጓጓች ሞተች። እድሪስ ቁርጡን ነግሮኛል፦ «ወንድሙ፣ ዘንድሮ ከያዘች እቆያለሁ። ካልያዘች ሁሉንም ሸጬ ሲያትል ልጄ ዘንድ እገባለሁ።» ሲያትል ከዚህ በመኪና ሁለት ቀን ነው። እሱ ከሄደ በዚህ አገር ቀልዴን የሚሰማ አይኖረኝም። የሚስቅማ ድሮም የለም፤ እሱ ግን ይሰማል።

እናም ከጎረቤት ፈረንጅ ኮሎኔል የሚባል አውራ አልፓካ ተውሰን ባለፈው ሳምንት አገናኘናቸው። ፈረንጁ ኮሎኔልን ትቶልን ክረምቱን ሊዞር ሄዷል። የመንዝ ሰው፣ የበግ ሊቅ መሆኔን እድሪስ ስለሚያውቅ ነገሩን ሁሉ ለእኔ ጥሎታል። አትስጊ። በእኔ እጅ ያለች እንስሳ ካልወለደች እኔ እወልዳለሁ።

ጤናና ጥጋብ ከደጅሽ አይጥፋ።

ጣት ቀለም መንከር የቀረለት ወንድምሽ፣
ወንድሙ


መሐል ሜዳ
ሐምሌ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተማረው ወንድሜ፤

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስህ። እኛ ከብርዱ በቀር ደኅና ነን፤ ውሻውም ደኅና ነው፣ ባለፈው ሳምንት ቄሱን ነክሷል።

ጽሕፈትህን ሳየው ዶሮ ቀለም ረግጣ ወረቀት ላይ የሄደችበት መሰለኝ። አዙሬ አዙሬ ሳየው ሰው የጻፈው ሆነ። አነበብኩት፤ ደግሜ አነበብኩት፤ ከዚያ በር ዘግቼ አለቀስኩ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ እኔ ሰሌዳው ፊት ቁጭ ስል አንተ ድርቆሽ ውስጥ ተደብቀህ እንቅልፍህን ትለጥጥ ነበር። ዘግይተህም ቢሆን ከድርቆሹ ወጣህ፣ ተመስገን።

ግን «የበግ ሊቅ» ያልከው ነገር አስቆኛል። በጎቹን የጠበቅኋቸው እኔ አልነበርኩም? አንድ ቀን ብትላክ ሁለቱን አስበልተህ መጥተህ «ድሮም ያን ያህል አልነበሩም» ያልከው ማን ነበር? ለሰውየው እውነቱን ንገራቸው፣ አደራ።

አሁን የእኔን ወሬ ስማ። ሽማግሌ ተልኮ ዘሪቱን ሰጥተናል። ልጁ የደብረ ብርሃን ነው፣ ጨዋ ነው፣ አይጠጣም። ሠርጉ በመጪው ግንቦት ነው። አባቷ እንደሌለ ታውቃለህ፤ እጇን ይዘህ የምትሰጣት አንተ ነህ። እሷ ነጭ ጫማ ላክልኝ ትላለች፣ እግሯ ሠላሳ ስምንት ነው። እኔ የምፈልገው አንተን ነው። ጊዜ አለህ፣ ከአሁኑ አስብበት።

እመቤቴ በሄድክበት ትጠብቅህ።

እኅትህ አልጣሽ


ኦሮራ
ነሐሴ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

የናፍቆቴ ባለቤት እታለም፤

ሰላምሽ ይብዛ። የዘሪቱን ወሬ ሰምቼ ደስ ብሎኝ ቻምበርስ ሮድ ያለው አፓርትመንቴ ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ፤ ጎረቤቴ ግድግዳ መታ። ጫማው ይላካል።

እዚህ ነገር ተበላሽቷል። ከተገናኙ ሁለት ሳምንት ቆይተን ኮሎኔልን መልሰን እሷ ዘንድ ብናመጣው፣ ልዕልት ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ ፊቱ ላይ ተፋችበት! ምራቁ አረንጓዴ ነው፣ ሽታውን አልነግርሽም። እኔ ላይ ስትተፋ ኖራለች፤ እንደ ሽማግሌ «እንትፍ እንትፍ» እያለች ትመርቀኛለች ብዬ አሜን ነው የምላት። ባል ፊት ላይ ግን ምራቅ ምርቃት አይደለም።

«ምንድን ነው ነገሩ?» አለኝ እድሪስ።

«ጠብ ነው። ጠልታዋለች» አልኩት።

«ታዲያ ምን ይደረጋል?»

«ባልና ሚስት ሲጣሉ እኛ አገር ምን ይደረጋል? ሽማግሌ ይቀመጣል።»

የሳቀ መሰለኝ፤ ሓየት ከሞተች ወዲህ ሲስቅ ስላላየሁት እርግጠኛ አይደለሁም። ሁለት ባልዲ ገልብጠን አጥሩ ሥር ተቀመጥን። እኔ በልዕልት በኩል፣ እሱ በኮሎኔል በኩል።

«የእኔ ልጅ የተከበረ ቤተሰብ ነው፣ መተፋት አይገባውም» አለ እድሪስ።

«የእኔዋስ? ከመጣ ጀምሮ አንዴ እንደምን አደርሽ ብሏታል?»

«ከእንግዲህ ይላታል።»

«ዋስ ይጥራ!»

ኮሎኔልን አስጠጋነው። ጆሮዋን ጣለች። ተፋች። የወንዱ ሽማግሌ ሸሚዝም አልተረፈም። ፖስታ የሚያድለው ሰውዬ መኪናውን አቁሞ «ዋት አር ዩ ጋይስ ዱዊንግ?» ሲለን እድሪስ ሸሚዙን እየጠረገ «ማሪጅ ካውንስሊንግ» አለው፣ የትዳር ሽምግልና መሆኑ ነው።

እንዲህ እያልን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ተቀመጥን። እርቅ አልወርድ አለ። በመጨረሻው ቀን እድሪስ ባልዲው ላይ እንደተቀመጠ፦

«አንተ የምታውቅ ሰው ነህ። ሳትቀልድ ንገረኝ፤ ትወልዳለች?» አለኝ።

እታለም፣ ታውቂኛለሽ። «አላውቅም» የሚባል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

«መካን ናት» አልኩት።

እድሪስ ተነሣ። ባልዲውን አንስቶ ወደ ቤት ገባ። በሳምንቱ ገዢ አገኘ፤ ከብቶቹን በኅዳር መጥተው ይወስዷቸዋል። ከዚያ ሲያትል ነው።

እኔ ደኅና ነኝ። ምግቡም ተስማምቶኛል።

ወንድምሽ ወንድሙ


መሐል ሜዳ
መስከረም 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለወንድሙ፤

እንኳን አደረሰህ። ሰላምታውን ሌላ ቀን አብዝቼ እጽፍልሃለሁ፤ አሁን ደብዳቤውን የምትወስደው ሴት አውቶቡስ ሊያመልጣት ነው።

አንተ ጅል! አርግዛ እኮ ነው!

ዘሪቱን የያዝኩ ጊዜ ረስተኸው ነው? አባቷ፣ አፈር ይቅለለውና፣ በበሩ ሲገባ ሽታው አንጀቴን ይገለብጠው ነበር። ገበያ ሲሄድ እፎይ እል ነበር፤ አንድ ማታ እንዲያውም ውኃ ደፍቼበታለሁ። አንተ «እታለም ባሏን ጠላች» ብለህ እናታችን ዘንድ ሮጠህ፣ ሽማግሌ ተጠርቶ፣ ጠላ ተጠምቆ፣ ሊቀመጡልን ሲሉ አይደለም ወይ ነገሩ የተገለጠው? ሁሉም አፍሮ ጠላውን ጠጥቶ ሄደ። አንተም ጠጥተሃል።

በግም ብትሆን ከያዘች በኋላ አውራውን አታስጠጋም። ይህን ለማወቅ ግን በግ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ያንተን እንስሳ አይቼው አላውቅም፤ ልሳሳት እችላለሁ። ቢሆንም ዛሬውኑ ሂድና ለአቶ እድሪስ «አላውቅም ነበር» በላቸው። ሐኪም ይያት። ያን ኮሎኔልም ከፊቷ አርቁላት፤ ልታስወርዷት ነው እንዴ?

ስለ ግንቦት አልመለስክልኝም። ጫማ አይደለም የጠየቅሁህ።

አልጣሽ


ኦሮራ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለብልኋ እኅቴ፤

እጅሽን እስማለሁ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሐሙስ ማታ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ንባቤን ላሳይ ብዬ ፊት ወጥቼ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። «አንተ ጅል» የሚለው ጋ ስደርስ ስምንቱም ሽማግሌዎች አጨበጨቡ። አንዱማ «ይደገም!» አለ። «አርግዛ እኮ ነው» የሚለውን ደግሜ አነበብኩት። ትንሳኤ ስልኳን አውጥታ ፈላልጋ «አባባ ወንድሙ፣ እኅትዎ ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ሲያረግዙ ወንዱ ላይ ይተፉበታል ነው የሚለው» አለችኝ።

እታለም፣ ገዢው የሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ የቀረው አንድ ቀን ነው። እድሪስን ደውዬ ጠራሁት። መጣና ኮልፋክስ ላይ ፓርክ አደረገ፤ የ15 ቁጥር አውቶቡስ አጠገባችን እየቆመ ይሄዳል።

«አላውቅም ነበር» አልኩት።

«ምኑን?»

«የበግም፣ የአልፓካም።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለኝ።

«ታዲያ ለምን ሰማኸኝ?»

የመኪናውን ሞተር አጠፋ። «ቤቱ ከብዶኝ ነበር፣ ወንድሙ። መሄጃ ምክንያት እፈልግ ነበር፤ አንተ ሰጠኸኝ» አለኝ።

ቀልድ አልጨመርኩበትም። መጀመሪያ ጊዜዬ ነው።

በማግሥቱ የእንስሳት ሐኪም መጣች። የልዕልት ሆድ ላይ መሣሪያ አድርጋ ስክሪኑን አሳየችን። የሆነች ነገር ትር ትር ትላለች። «ዛት ኢዝ ዘ ሃርት» አለች፣ የጽንሱ ልብ ናት። እድሪስ ባርኔጣውን አውልቆ ዞር አለ። ለገዢው ደውሎ ይቅርታ ጠይቆ መለሰው። ኮሎኔልም ወደ ቤቱ ሄደ፤ ይቅርታ የጠየቀው ግን የለም።

ዳሩ እድሪስ ያለው «እስክትወልድ» ነው። ከዚያ በኋላስ ብለው «ያኔ እናያለን» አለኝ። ከሞተችበት ወይም ከጨነገፈባት እንደማይቆይ አውቃለሁ። እንዲህ ያለ እንስሳ አሥራ አንድ ወር ይሸከማል፤ ሐኪሟ ቆጥራ ነገረችን። መውለጃዋ ግንቦት ነው።

ጫማው ከዚህ ጋር ተልኳል። ተረከዙ ከፍ ያለ ነው፣ ቀስ ብላ ትለማመደው።

ወንድሙ


መሐል ሜዳ
የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፤

ሰላም ነህ? ሦስት ወር ሳልጽፍ መቆየቴ ወረቀት ጠፍቶ አይደለም።

የልዕልትን ወሬ ሰምቼ ስለት ልገባላት ምንም አልቀረኝም። አቶ እድሪስንም እግዜር ያጽናቸው። ጫማው ልክ ሆኗታል፤ ቤት ውስጥ ስትለማመድ ወድቃ እንስራ ሰበረች።

ከእንግዲህ ምንም አትላክ። ልብስም ብርም አልፈልግም። «መውለጃዋ ግንቦት ነው» ብለህ ጽፈህ ነጥብ አድርገህ ስለ ጫማ ተረከዝ አወራህልኝ። ያቺን ነጥብ ስንት ጊዜ እንዳየኋት አትጠይቀኝ። የአባቷ ወንድም ይስጣት ይሉኛል፤ እኔ መልስ አልሰጠሁም። ሰውዬው እንዳይሄዱብህ እየጠበቅሃቸው መሆኑ ይገባኛል፣ አልቆጣህም። ግን እመጣለሁ ወይም አልመጣም ብለህ አንድ ቃል ጻፍልኝ። ቀልድ አትጨምርበት።

አልጣሽ


ኦሮራ
ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

እመጣለሁ።

እታለም፣ ቀልድ አትጨምር ስላልሽኝ ሰላምታውም ቀርቶብኛል። አሁን ትንሽ ፍቀጂልኝ።

ደብዳቤሽን ለእድሪስ አነበብኩለት። ሮመዳን ነበር፤ እሱ ጾሞ፣ እኔም ሑዳዴዬ ላይ ፊቱ መብላት አፍሬ ሳልወድ እንደ እሱ እስከ ማታ ጾሜ፣ ሁለታችንም ተርበን ልዕልትን እያየን ነው። ሆዷ ወደ ጎን ሰፍቷል፤ ስትሄድ የደላላ ሚስት ትመስላለች። አንብቤ ስጨርስ፦

«ቲኬት ቁረጥ» አለኝ።

«ማን ያዋልዳታል?»

«እኔ።»

«አንተ ደም ስታይ ትወድቃለህ።»

«ስወድቅ እሷ ታነሣኛለች። ወንድሙ፣ ልጅቱ አባት የላትም። ሂድ።»

ግልገሏ እንደተወለደች ለጋ ቅቤ እናልሳታለን ብዬው ነበር፣ እንደ እኛ አገር። «ሐኪሟን ጠይቅ» አለኝ። ድሮ ቢሆን እኔን ማን ያስጠይቀኛል? ጠየቅሁ። ክልክል ነው አለች፤ የእናቷን ወተት ብቻ። ጠይቄ ያወቅሁት ስለሆነ በኩራት ጽፌልሻለሁ።

ስመለስ እዚህ ትኖራለህ ወይ ብዬ ልጠይቀው ነበር። ሁለቴ አፌን ከፍቼ ስለ አየሩ አወራሁ። ቶርንተን ላይ በሚያዝያም በረዶ ይጥላል፤ ታውቂ ነበር?

የሠርጉን ጥሪ ወረቀት አትበትኚ። ለሁሉም እየዞርኩ እኔ አነብላቸዋለሁ።

ወንድምሽ ወንድሙ


ቶርንተን፣ ኮሎራዶ
ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክብርት ወይዘሮ አልጣሽ፣
ባሉበት፤

የአላህ ሰላም በእርስዎና በቤትዎ ላይ ይሁን። ለልጅዎ ለዘሪቱ ጋብቻ የልብ ደስታዬን እገልጻለሁ። ይህን ደብዳቤ የወንድሙ የፊደል አስተማሪ ፎቶግራፍ አንሥታ በስልክ ትልክልናለች፤ ወንድሙ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ተቀብሎ እንደሚያነብልዎ አምናለሁ። እያነበበ ስለ ራሱ የጨመረው ምስጋና ቢኖር የእኔ አለመሆኑን ይወቁልኝ።

ትናንት ረፋድ ላይ ልዕልት ቆማ ወለደች። ሴት ናት፣ ቀለሟ ቡናማ። ደሙን ሳይ ተቀመጥሁ እንጂ አልወደቅሁም፤ ይህንን ለወንድሙ አበክረው ይንገሩልኝ። ግልገሏ ትንሽ ቆይታ ለመነሣት ሞከረች፤ ወደቀች፤ ሞከረች። አራቱም እግሮቿ በየፊናቸው ይሄዱ ነበር። በኋላ ቆመች፣ ጡቱን አገኘችው፣ ጠባች።

ያን ጊዜ ዞር ብዬ «አየሽ?» አልሁ። ሓየትን ነበር። ቀጥሎም ወንድሙን ጠራሁ። ሁለቱም አልነበሩም። ሓየትን መመለስ አልችልም። ስለዚህ ለእርስዎ እጽፋለሁ።

ልጄ ከሲያትል ደውሎ መቼ ትመጣለህ አለኝ። ሕፃን ቤት ውስጥ አለች፣ አንተ መጥተህ እየን አልሁት። ወንድምዎ እናቱ አፈር ላይ ልቅር ቢል መብቱ ነው፤ እኔም አልቀየምም። ነገር ግን እዚህ የበግ ሊቅ ነኝ የሚለኝ ሰው በመጥፋቱ ግቢው እጅግ ጸጥ ማለቱን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ።

አክባሪዎ፣
እድሪስ


መሐል ሜዳ
ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ እድሪስ፤

እንኳን ማርያም ማረቻት። እንኳንም ደስ አለዎ፤ ግልገሏ ዓይን የሚሞላ ጠጉር ይኑራት።

ሠርጉ አማረ። ወንድሜ ዘሪቱን እጇን ይዞ ሲሰጣት ቀጥ ብሎ ነው የሄደው፤ ጫማዋ ሊጥላት ሲል እንኳ ደግፎ ያዛት፣ ማንም አላየም። ቀኑን ሙሉ ያገኘውን ጽሑፍ ሁሉ ለሕዝብ ሲያነብ ዋለ። የለስላሳ ሣጥን ላይ ያለውን ሳይቀር። ሰው ሰልችቶት ሸሸው።

ደብዳቤዎን ያነበበልኝ እሱ ነው። «ሓየትን መመለስ አልችልም» የሚለው ጋ ሲደርስ ቆመ። ፊደሉ ጠፋኝ አለ። ፊደሉ እንዳልጠፋው አውቃለሁ። እኔ ተቀብዬው ጨረስኩት።

ይህን ወረቀት አሽጌ የምሰጠው ለእሱ ነው። ገና ደብረ ብርሃን ሳይደርስ ቀዶ እንደሚያነበው እርግጠኛ ነኝ፤ ድሮ ቢሆን ማሸጊያም አያስፈልገውም ነበር። ስለዚህ ለእርስዎ እየጻፍኩ ለእሱም እየጻፍኩ ነው፤ ይፍቀዱልኝ።

ዘሪቱ ሄዳ ቤቱ ባዶ ሆኗል። የእሷን ክፍል አስለስኜ፣ አልጋ አንጥፌ፣ ቅርልኝ ልለው ነበር። ሦስት ማታ አስቤበታለሁ። እሱ ግን ጠዋት ጠዋት ኔትወርክ ወዳለበት ኮረብታ እየወጣ የእርስዎን ግልገል ፎቶ ያያል። በጎቼን እያየ «እነዚህ ምን ይመስላሉ፣ አንገት የላቸው!» ይላል። አልጋውን አጥፌ አስቀመጥኩት። አላኩረፍኩም።

አቶ እድሪስ፣ ሲቀልድ ይስሙት፣ ባይስቁም። ሊቅ ነኝ ሲልዎ እሺ ይበሉት፣ ግን አይመኑት። ዝም ያለ ቀን ይጻፉልኝ፣ ያን ቀን ታሟል ማለት ነው። ወንድሜን በአደራ ሰጥቼዎታለሁ።

ወንድሙ፣ እስከዚህ እንዳነበብክ አውቃለሁ። ባስ ውስጥ እንባህን ለሰው አታሳይ። እጠፈውና ሂድ።

አልጣሽ